«እስኪ አንተም እየው»፦ የሰማይ ተመልካቾችን ምን ያገናኛቸዋል?

ደሴ ስሟን ያገኘችው ከሰማይ ነው ይባላል። አፄ ዮሐንስ አራተኛ ከጦሳ ተራራ ሥር ሰፍረው ሳለ ጅራቱ የረዘመ፣ ብርሃኑ የሚያስደንቅ ኮከብ ታየ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ተደስተው በቦታው ከተማ እንዲቆረቆር አዘዙ፣ ስሙንም «ደሴ» አሉት፤ ደስታዬ እንደ ማለት። ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1882 እንደነበር ይተረካል። በዚያው ዓመት መስከረም ወር የታየው ጅራታም ኮከብ በታሪክ ከተመዘገቡት እጅግ ብሩሆቹ አንዱ ነበር። በጠራራ ቀን፣ ከፀሐይ አጠገብ ሳይቀር ይታይ ነበር።

ይህን ትረካ በሰማሁ ቁጥር የማስበው ንጉሡን አይደለም። በሰፈሩ ውስጥ አንድ ዘበኛ ወይም አንድ የበቅሎ ጠባቂ ቀድሞ ሳያየው አይቀርም። ያየ ሰው ደግሞ ዝም አይልም። ከጎኑ የተኛውን ቀስቅሶ «ተነሥ እንጂ፣ እስኪ አንተም እየው!» ሳይለው አይቀርም።

ይህች ቃል ዛሬም በየአገሩ በጨለማ ሜዳ ላይ የሚሰባሰቡ፣ አማተር የሥነ ፈለክ ተመልካቾች የሚባሉ ሰዎች መግባቢያ ናት። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. በአገራችን በከፊል የሚታየው የፀሐይ ግርዶሽ በተነሣ ቁጥር ስለ እነዚህ ሰዎችም ይነሣል፤ ከወሬው ጋር ደግሞ የተሳሳተ ግምት አብሮ ይመጣል። ስለዚህ ሰው ደጋግሞ ከሚጠይቀው እንጀምር።

«አማተር» ማለት ለማጅ ማለት ነው?

አይደለም። በእኛ ልማድ «አማተር» ሲባል ገና ያልበሰለ ሰው ይታሰበናል። የቃሉ ሥር ግን ከላቲን የመጣ ሲሆን «የሚወድ» ማለት ነው። ሥነ ፈለክ የፀሐይን፣ የጨረቃን፣ የፕላኔቶችንና የከዋክብትን ምንነትና እንቅስቃሴ የሚያጠና ሳይንስ ነው፤ አማተሩ ይህን የሚያደርገው ደመወዝ ስለሚከፈለው ሳይሆን ስለሚወደው ነው። ቀን መምህር፣ ሾፌር፣ ነርስ ወይም ነጋዴ ሆኖ ይውላል፤ ማታ ጋቢውን ደርቦ ይወጣል።

ዊልያም ሄርሼል የዚህ ዓይነት ሰው ነበር። በእንግሊዝ አገር ባዝ በምትባል ከተማ ኦርጋን የሚጫወትና ሙዚቃ እያስተማረ የሚኖር ሰው ሲሆን፣ ሌሊት ሌሊት በገዛ እጁ በሠራው ቴሌስኮፕ ሰማይን ይቃኝ ነበር። እ.ኤ.አ. መጋቢት 13 ቀን 1781 አንድ ነጥብ አየና ተጠራጠረ፤ መጀመሪያ ጅራታም ኮከብ መስሎት ነበር። ነጥቡ ኡራኑስ ሆኖ ተገኘ። ጥንታውያን ከሚያውቋቸው ፕላኔቶች ሌላ ማንም አዲስ ፕላኔት አግኝቶ አያውቅም ነበር። ቅኝት ያፈለቀው የወሎ ሰው ይህን ክብር ሙዚቀኛ ወሰደው ቢባል ብዙም የሚገርመው አይመስለኝም።

እኔን የበለጠ የሚማርከኝ የእኅቱ የካሮላይን ታሪክ ነው። ሄርሼል የቴሌስኮፕ መስተዋት ሲያለሰልስ እጁን ከሥራው ማንሣት አይችልም፤ ካነሣ መስተዋቱ ይበላሽበታል። አንድ ጊዜ ለ16 ሰዓት ያህል እጁን ሳያነሣ እንደሠራና እርሷም ምግቡን እየቆረሰች አፉ ውስጥ ታደርግለት እንደነበር ካሮላይን ጽፋለች። እኛ አገር ይህ ጉርሻ ይባላል። ካሮላይን ቆይታ ራሷ በርካታ ጅራታም ኮከቦችን ያገኘች ተመልካች ሆናለች። እንግዲህ ይህ ሥራ ገና ከጥንቱ ብቻውን የተቀመጠ ሊቅ ሥራ አልነበረም።

ታዲያ ኮከብ ቆጣሪዎች ናቸው?

ይህን እኔም ተጠይቄያለሁ። ደሴ ግቢያችን ውስጥ አንድ አሮጌ የርቀት መነጽር በእንጨት ላይ አስሬ ሳስተካክል ጎረቤታችን እትዬ ብቅ አሉና «ልጄ፣ ስሜን ከነእናቴ ስም ልንገርህና እስኪ ቁጠርልኝ» አሉኝ። እየቀለዱ አልነበረም።

ኮከብ ቆጠራ የሰውን ስም ከእናቱ ስም ጋር ደምሮ በሚገኘው ቁጥር ዕጣውን ለማወቅ የሚሞክር ልማድ ነው። ሥነ ፈለክ የሚለካውን ብቻ ይናገራል፤ የተናገረውንም ማንም ሰው ወጥቶ ሊያጣራው ይችላል። ጁፒተር ዛሬ ማታ የት እንደሚገኝ ይነግርሃል፤ የእትዬ ልጅ መቼ እንደምታገባ ግን አይነግርህም። የቤተ ክርስቲያናችን ባሕረ ሐሳብም ከኮከብ ቆጠራ ጋር መምታታት የለበትም። እርሱ የፀሐይንና የጨረቃን ዑደት ይዞ የአጽዋማትንና የበዓላትን ቀን የሚያወጣ የቀመር ትምህርት ነው፤ የዚህ ቀመር ቁጥሮች የሆኑት አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ሁልጊዜ 30 እንደሚሆኑ የተማረ ሰው ከሰማይ ጋር በሒሳብ ተዋውቋል ማለት ነው።

እትዬን አላስከፋኋቸውም። ጨረቃ ግማሽ ደርሳ ስለነበር መነጽሩን ወደ እርሷ አዙሬ እንዲያዩ ጋበዝኳቸው። ዝም ብለው ቆዩ። ብርሃንና ጥላ በሚገናኙበት መስመር ላይ የተራሮቹና የጉድጓዶቹ ጥላ ጎልቶ ይታያል፤ ለዚህ ነው ከሙሉ ጨረቃ ይልቅ ግማሿ የምትመረጠው። እትዬ ዓይናቸውን ከመነጽሩ ሲያነሡ ያሉት «ቆይ፣ ልጆቹን ልጥራ» ነው። ኮከብ ቆጠራው በዚያው ተረሳ።

ለምን አብረው ያመሻሉ? ሰማይ ለብቻ አይታይም?

ይታያል። ግን ሰማይን ብቻውን ያየ ሰው ምስክር የለውም።

ወሎ ውስጥ ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ረመዳን ሊገባ ወይም ሊወጣ ሲል ፀሐይ እንደጠለቀች ዓይኑን ወደ ምዕራብ የሚያነሣው ሰው ብዙ ነው። አዲሷ ጨረቃ እንደ ክር ቀጭን ናት፣ ከአድማስ ብዙም አትርቅም፣ ብዙም ሳትቆይ ትጠልቃለች። ዓይን የተመኘውን መፍጠር ይወዳልና «አየሁ» ያለ ሰው ይጠየቃል፦ በየት በኩል? ቀንዷ ወዴት ዞሯል? ሌላ ማን አየ? እኛ ከምድር ወገብ ብዙ ስለማንርቅ አዲሷ ጨረቃ ብዙ ጊዜ ቀንዶቿን ወደ ላይ አድርጋ እንደ ታንኳ ተንጋላ ትታያለች፤ በአውሮፓ የምትታየው ወደ ጎን ዘንበል ብላ ነው። ስለዚህ ቀንዷ ቀጥ ብሎ እንደ ማጭድ ቆሞ አየሁ ያለ ሰው በእኛ አገር መጠራጠር ያስከትልበታል።

ሰማይ ተመልካቾችም እንዲሁ ናቸው። አንዱ በቴሌስኮፑ ጭላንጭል ያለ ብርሃን ካየ በኋላ ምን እንዳየ ሳይናገር ጓደኛውን ይጠራል፦ «እስኪ አንተም እየውና ምን እንዳየህ ንገረኝ»። አስቀድሞ ከነገረው ጓደኛው የተነገረውን ያያል። ሁለቱ ለየብቻ ያዩት ከተገጣጠመ በመዝገብ ይሰፍራል። የሳይንስ ዋናው ምሥጢር የሚባለው፣ አንድ ውጤት በሌላ ሰው እጅም መደገም አለበት የሚለው ደንብ፣ በዚህ ሜዳ ላይ የጓደኝነት ወግ ሆኖ ይገኛል።

ሌላው ምክንያት ቀላል ነው። በቴሌስኮፕ የሚያየው አንድ ዓይን ብቻ ነው። ስለዚህ ወረፋ አለ፤ ወረፋ ካለ ደግሞ ወሬ አለ። ሰው ተራው እስኪደርስ ከማያውቀው ሰው ጋር ይጨዋወታል፣ ሻይ ይቀዳል፣ ቆሎ ያዞራል። መሐንዲሱና ዘጠነኛ ክፍል ተማሪው እኩል ተሰልፈው ይጠብቃሉ። በጨለማ ውስጥ መልክም ልብስም ስለማይታይ የሰውን ማዕረግ መገመት ይቸግራል፤ የሚታወቀው በድምፁና በሚያውቀው ነገር ነው። አንድ ሕፃን ሳተርንን መጀመሪያ ሲያይ የሚያወጣት ድምፅ ግን ከየትም አገር አንድ ዓይነት ናት። ቀለበቱን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ከቴሌስኮፑ ፊት ዞሮ ሥዕል የተለጠፈበት እንደሆነ ይፈትሻል።

ሰፈሩ ሥርዓትም አለው። የሰው ዓይን ጨለማን በደንብ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል። አንድ ሰው ስልኩን ቢያበራ ያ ሁሉ ትዕግሥት በቅጽበት ይባክናል፤ የእርሱ ብቻ ሳይሆን የሁሉም። ስለዚህ መብራት ካስፈለገ ደብዛዛ ቀይ መብራት ይሁን ይባላል፣ ቀይ ብርሃን የጨለማ እይታን ብዙም አይረብሽምና። መኪና ይዞ የመጣ ሰው ፋኖሱን አጥፍቶ በቀስታ ይገባል። ይህን ሥርዓት የጣሰ ሰው አይሰደብም፣ ግን ከየጨለማው የሚመጣው «ኧረ መብራቱን!» የሚል ጩኸት ትምህርት ይሆነዋል።

ይህን የአብሮነት ወግ ከሜዳ አውጥቶ ወደ አስፋልት ዳር ያመጣው ጆን ዶብሰን የሚባል አሜሪካዊ ነው። በገዳም ይኖር የነበረ መነኩሴ ሲሆን፣ ከተጣለ ወፍራም መስታወት፣ ከካርቶን ቧንቧና ከእንጨት ትልልቅ ቴሌስኮፖችን ይሠራ ነበር። ከገዳሙ ከወጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1968 በሳን ፍራንሲስኮ ከባልደረቦቹ ጋር ቴሌስኮፑን የእግረኛ መንገድ ላይ አቁሞ አላፊ አግዳሚውን «ና፣ ጨረቃን እይ» እያለ መጥራት ጀመረ። ገንዘብ አይጠይቅም። የፈለሰፈው ቀላል የእንጨት መቆሚያ ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ እንደ መድፍ በሳጥን ላይ ተቀምጦ በእጅ የሚገፋ ነገር ነው። መካከለኛ እጅ ያለው አናጺ በአንድ ሳምንት ውስጥ የሚጨርሰው ይመስለኛል።

ቴሌስኮፑ ስንት እጥፍ ያጎላል?

ይህ ጥያቄ ሻጮችን ያስደስታል፣ ተመልካቾችን ያስቃል። በየካርቶኑ ላይ «500 እጥፍ» ተብሎ የተጻፈባቸው ትንንሽ ቴሌስኮፖች ብዙ ሰው ከዚህ ነገር ተስፋ ቆርጦ እንዲወጣ አድርገዋል። መጠየቅ ያለበት «ስፋቱ ስንት ነው?» ተብሎ ነው።

የቴሌስኮፕ ዋና ሥራ ማጉላት ሳይሆን ብርሃን መሰብሰብ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ደጅ ላይ አንድ ስኒና አንድ ሰፊ ገበቴ አስቀምጥ። ሁለቱም ላይ የሚወርደው ዝናብ አንድ ነው፤ ገበቴው ግን ብዙ ውኃ ይይዛል። የዓይናችን ብሌን በጨለማ ውስጥ ቢሰፋ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የ200 ሚሊ ሜትር መስተዋት ያለው ቴሌስኮፕ ከዚህ ብሌን 800 እጥፍ ገደማ የሚበልጥ ብርሃን ይሰበስባል። ብርሃን ሳይኖር ማጉላት ደግሞ የቀጠነ ወጥ ላይ ውኃ መጨመር ነው፤ ድስቱ ይሞላል እንጂ አይጣፍጥም።

አየሩም የራሱ ሐሳብ አለው። ብረት ምጣድ ሲግል ከላዩ ያለው አየር ሲንቀለቀል አይተሃል? ከከዋክብት የሚመጣው ብርሃን በዚህ ዓይነት በሚንቀሳቀስ አየር ውስጥ ያልፋል፤ ኮከብ ብልጭ ድርግም የሚለውም ለዚህ ነው። በጣም ካጎላህ ኮከቡን ሳይሆን መንቀልቀሉን ነው የምታጎላው።

ለጀማሪ የምመክረው የርቀት መነጽር ነው። «10 በ50» የሚል የተጻፈበት ካገኘህ 10 እጥፍ ያጎላል፣ እያንዳንዱ የፊት መስታወት 50 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው ማለት ነው። የጁፒተርን አራት ትልልቅ ጨረቃዎች፣ ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ያያቸውን፣ በዚህ ማየት ይቻላል፤ እጅ እንዳይንቀጠቀጥ ከግድግዳ ወይም ከእንጨት ጋር ማስደገፍ ብቻ ነው። ነገ ማታ ተመልሰህ ብታይ ቦታቸውን ቀይረዋል።

እንደ ፎቶው ያልሆነው ለምንድን ነው?

መጀመሪያ የሚመጣ ሰው ቅር የሚሰኝበት ነጥብ ይህ ነው። በኢንተርኔት ያየው፣ ኦርዮን በሚባለው የከዋክብት ምስል ውስጥ ያለው የጋዝና የአቧራ ደመና ሐምራዊና ቀይ ነበር፤ በቴሌስኮፕ ሲያየው ግን ግራጫ ጭስ ይሆንበታል። ማንም አልዋሸውም። የዓይናችን ሕዋሳት በደብዛዛ ብርሃን ቀለም አይለዩም። ደግሞም ዓይን እንደ መዳፍ ነው፤ የያዘውን ብርሃን ወዲያው አፍስሶ አዲስ ይቀበላል። ካሜራ ግን እንደ እንስራ ነው፤ ከምንጩ ሥር ተቀምጦ ለደቂቃዎችና ለሰዓታት ያጠራቅማል።

የ1882ቱ ጅራታም ኮከብ ይህን ለዓለም አስተምሯል። በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ከተማ የነበረው የሥነ ፈለክ ሊቅ ዴቪድ ጊል የአካባቢውን ፎቶግራፍ አንሺ ጠርቶ፣ የሰው መልክ የሚነሣበትን ካሜራ በቴሌስኮፕ ጀርባ ላይ አሳስሮ ጅራታሙን ኮከብ ፎቶ አስነሣ። ምስሉ ሲወጣ ጅራታሙ ኮከብ ብቻ ሳይሆን ከጀርባው እጅግ ብዙ ከዋክብት ታዩ። ከዚያ በኋላ ሰማይን በፎቶ ካርታ ማንሣት ተጀመረ። ጊል ራሱ ወደ ሥነ ፈለክ ከመግባቱ በፊት የሰዓት ሥራ ባለሙያ ነበር።

ታዲያ ግራጫ ጭስ ለማየት ብርድ ላይ መቆም ምን ይባላል? መልሱ በብርሃኑ ዕድሜ ላይ ነው። የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ብርሃን ወደ እኛ ለመድረስ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተጉዟል። ጋላክሲ ማለት በመቶ ቢሊዮኖች የሚቆጠሩ ከዋክብት ስብስብ ነው፤ የእኛው ፍኖተ ሐሊብ ይባላል። ፎቶው የሌላ ሰው ነው። ያ ብርሃን ግን ጉዞውን የጨረሰው በአንተ ዓይን ውስጥ ነው።

ወሎ ለዚህ ምን ይመቻል?

ከብዙዎች ይልቅ ይመቻል። ደሴ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በዚህ ምክንያት የሰሜን ኮከብ ከሰሜን አድማስ በላይ 11 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይታያል፤ ክንድህን ዘርግተህ ጭብጥህን ብትይዝ የጭብጥህ ስፋት 10 ዲግሪ ያህል ነው። ፊትህን ወደ ደቡብ ብታዞር ደግሞ አውሮፓውያን አገራቸው ሆነው የማያዩትን፣ የደቡብ መስቀል የሚባለውን የከዋክብት ምስል ታያለህ፤ በግንቦት ምሽት ከደቡብ አድማስ ሁለት ጭብጥ የማይሞላ ከፍታ ላይ ይቆማል። ከአንድ ሜዳ ሁለቱንም ማየት የሚችል ሰው ከሰማይ የሚቀርበት ወደ ደቡብ ዋልታ የተጠጋ ትንሽ ቁራጭ ብቻ ነው። በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥና ንግሥት በተባሉት በሴፌውስና በካሲዮፔያ፣ በልጃቸው በአንድሮሜዳም ስም የሚጠሩት የከዋክብት ምስሎች በኅዳር ምሽት በሰሜን በኩል ይታያሉ።

ከፍታውም አለ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፤ ከላሊበላ አጠገብ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር ይበልጣል። ከፍ ባልክ ቁጥር በአንተና በኮከቡ መካከል ያለው አየር ይሳሳል። በእንጦጦ ተራራ ላይ ባለ አንድ ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች የቆሙትም በዚሁ ምክንያት ሲሆን፣ የላሊበላ አካባቢ ተራሮች ለትልቅ የምርምር ጣቢያ ሲጠኑ ቆይተዋል። እንጦጦ ግን ከአዲስ አበባ መብራት አይርቅም። የደላንታና የአምባሰል ሌሊት ከዚያ ይሻላል፤ ገና መብራት ያልበዛበት ገጠር፣ በሌላው ነገር ቢጎዳም፣ በዚህ ባለጸጋ ነው።

የማይመቸው ደመናው ነው። ክረምቱ ሰማዩን ይዘጋል፤ ደቡብ ወሎ ደግሞ የበልግ ዝናብ ስላለው የጠራው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ነው። በታኅሣሥ 4 እና 5 ሌሊት የሚታየው የጀሚኒድ ተወርዋሪ ኮከቦች ዝናብ በዚሁ ወቅት መዋሉ መልካም ነው። ተወርዋሪ ኮከብ ኮከብ አይደለም፤ ወደ ምድር አየር በፍጥነት ገብታ የምትነድ የአሸዋ ቅንጣት የምታህል ትቢያ ናት። ይህን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም፣ ሰሌንና ወፍራም ጋቢ ብቻ። አንድ ነገር ግን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም፦ በሌሊት ሜዳ ላይ መሰብሰብ ሰላም ይፈልጋል። ባለፉት ዓመታት በወሎ ብዙ ቦታ ማታ ከደጅ መውጣት ራሱ አስፈሪ የሆነበት ጊዜ ነበር።

ጊዜ ማሳለፊያ ነው ወይስ ለሳይንስ ይጠቅማል?

ሁለቱም ነው። ትልልቅ ቴሌስኮፖች ጥቂት ናቸው፣ ሰዓታቸውም ተቆጥሮ ነው የሚሰጠው። ሰማዩ ደግሞ ሰፊ ነው። በየሌሊቱ ሳይደክም የሚጠብቀው አማተሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 የተመሠረተው የአሜሪካ የተለዋዋጭ ኮከቦች ተመልካቾች ማኅበር ብርሃናቸው የሚጨምርና የሚቀንስ ከዋክብትን መዝገብ ከየአገሩ በጎ ፈቃደኞች እየሰበሰበ ዛሬም ለተመራማሪዎች ይሰጣል። በ2012 ዓ.ም. በጋ በኦርዮን ትከሻ ላይ ያለው ቀላ ያለ ኮከብ፣ ቤተልጉስ፣ በጉልህ ሲደበዝዝ ማንም ሰው በባዶ ዓይኑ ልዩነቱን ማየት ይችል ነበር። ሮበርት ኢቫንስ የሚባል አውስትራሊያዊ ቄስ ከ40 በላይ የሚፈነዱ ከዋክብትን በዓይኑ እያየ አግኝቷል፤ የጋላክሲዎቹን መልክ በቃሉ ይዞ ስለነበር አንዲት ነጥብ ብትጨመር ያውቃታል።

ከሁሉ የምወደው ግን የቶማስ ቦፕ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 23 ቀን 1995 በአሪዞና በረሃ ከጓደኞቹ ጋር ወጥቶ ነበር። የራሱ ቴሌስኮፕ አልነበረውም። በጓደኛው ቴሌስኮፕ ተራውን ጠብቆ ሲያይ ካርታ ላይ የሌለ ጉም ነገር ዓይኑ ውስጥ ገባ። ጓደኞቹን ጠራ፣ አብረው አዩ፣ ቦታውን አብረው አረጋገጡ። በዚያው ሌሊት አለን ሄል የሚባል ሌላ ሰው በሌላ ቦታ አይቶት ነበር። ጅራታሙ ኮከብ ሄል ቦፕ ተባለ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም በዓለም ዙሪያ ሰው ሁሉ በባዶ ዓይኑ አየው። መሣሪያ የሌለው ሰው ስሙ ሰማይ ላይ የተጻፈው ጓደኛው ቴሌስኮፑን ስላካፈለው ነው።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ምን ይታያል?

የፀሐይ ግርዶሽ ጨረቃ በምድርና በፀሐይ መካከል ስትገባ ጥላዋ በእኛ ላይ ማረፉ ነው። ጨረቃ ከምድር አንዳንዴ 363,000፣ አንዳንዴ 405,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ስትርቅ ትንሽ ሆና ስለምትታይ ፀሐይን ሙሉ በሙሉ አትሸፍንም፤ ዙሪያዋን የብርሃን ቀለበት ይቀራል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት በላሊበላ የታየው እንዲህ ያለው ነው። የኮሮና ዘመን ስለነበር ከውጭ ሊመጣ ያሰበው ተመልካች ብዙው ቀረ፤ ላስታ ቀለበቷን ከሞላ ጎደል ለብቻዋ አየች።

የ2019ኙ ሙሉ ግርዶሽ ነው፣ ሙሉነቱ ግን ከእኛ ዘንድ አይታይም። የጥላው መንገድ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ተነሥቶ በስፔን፣ በሰሜን አፍሪካ፣ በግብፅ፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን አልፎ ወደ ሶማሊያ ጫፍ ይሄዳል። በግብፅ ሉክሶር አካባቢ ጨለማው ከስድስት ደቂቃ በላይ ይቆያል። ወሎ ከመንገዱ ጎን ስለሆነች ከቀትር በኋላ ከግማሽ የሚበልጠው የፀሐይ ገጽ ሲሸፈን ታያለች፤ ክረምት ነውና ደመናው ከፈቀደ።

በከፊል ግርዶሽ ፀሐይን በቀጥታ ማየት በማንኛውም ደቂቃ ዓይንን ይጎዳል። የጠቆረ መስታወት፣ የራጅ ፊልም፣ ተራ የፀሐይ መነጽር፣ በሳፋ ውኃ ላይ የሚታይ ነጸብራቅ፣ ሁሉም አያድኑም። ሕመም ስለማይሰማ ሰው መጎዳቱን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። ለግርዶሽ ተብሎ የተሠራ፣ ያልተጫረ መነጽር ያስፈልጋል፤ እርሱንም አድርጎ በርቀት መነጽር ወይም በቴሌስኮፕ ማየት ፈጽሞ አይፈቀድም። የጨረቃ ግርዶሽ ከዚህ የተለየ ነው። ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ከምሽቱ 2፡30 እስከ 3፡52 ጨረቃ ሙሉ በሙሉ በምድር ጥላ ውስጥ ገብታ ስትቀላ እንደነበረው ዓይነቱን ማንም ሰው በባዶ ዓይኑ ያያል።

መነጽር ለሌለው ሰው ካርቶን ላይ በመርፌ የተበሳ ቀዳዳ ይበቃል። ጀርባን ለፀሐይ ሰጥቶ ብርሃኑ በቀዳዳው አልፎ ነጭ ወረቀት ላይ ሲያርፍ የተገመሰችው ፀሐይ ትንሽ ሆና ትታያለች። ያን ቀን ደግሞ ሰኞ ነው፤ የባቲ ገበያ። በገበያው ዛፍ ሥር የተቀመጠ ሰው ቀና ማለትም አያስፈልገውም። በቅጠሎች መካከል ያለው ክፍተት ሁሉ ያን የመርፌ ቀዳዳ ሥራ ስለሚሠራ፣ መሬት ላይ የተበተኑት የብርሃን ነጠብጣቦች ክብነታቸው ቀርቶ በጥርስ እንደ ተገመጠ ዳቦ ይሆናሉ፤ በጤፉ ማዳበሪያ ላይ፣ በግመሉ ጀርባ ላይ፣ በሻጯ ነጠላ ላይ። ያኔ ከጎን ያለውን ሰው ክርኑን ነካ ማድረግ ብቻ ነው የሚቀረው።